ሐውዝ ኻስ፦ ከተማው መጥቶ የከበበው መንደር

ጥያቄ፦ «ለማስተርስ ዴልሂ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ጓደኞቼ ሐውዝ ኻስ ቪሌጅ ወደሚባል ቦታ ወሰዱኝ። መንደር ነው ሲሉኝ የጠበቅኩት ላምና በረት ነበር። ያገኘሁት ካፌ፣ ቡቲክና የምሽት ክበብ ነው። ከጀርባው ደግሞ ሐይቅና የጥንት ፍርስራሽ አለ። ለምንድን ነው መንደር የሚባለው? አንዱ ልጅ ደግሞ ‹ይሄ እኮ ድሮ የሐበሻ ንጉሥ ሰፈር ነበር› አለኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ባጭሩ ልንገርሽና ከዚያ ረጋ ብለን እናውራ። ሐውዝ ኻስ መንደር የሚባለው መንደር ስለነበረ ነው። ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከተማው ነው እየሰፋ መጥቶ እርሻውን የበላው። ቤቶቹን ግን ሳይነካ አለፋቸው። ለምን እንዳለፋቸው ለማወቅ የሱልጣኖቹን ታሪክ ማንበብ ብቻ አይበቃም። ከመቶ ዓመት በፊት የግብር ሹሞች ካርታ ላይ ያሰመሩትን አንድ ቀይ መስመር ማወቅ አለብሽ። አስጎብኚዎች ስለሱ ብዙም አያወሩም። እኔ የከተማ ታሪክ ሰው ነኝና እዚያ ካለው የሱልጣን መቃብር ይልቅ የሚገርመኝ መስመሩ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከውሃው እንጀምር፤ ቦታውን የወለደው እሱ ነውና። «ሐውዝ» የውሃ ገንዳ ማለት ነው። አረብኛ የሚያውቅ ሰው «ሐውድ» ብሎ ያውቀዋል። «ኻስ» ደግሞ ልዩ፣ የንጉሥ እንደማለት። በ1300 አካባቢ ሱልጣን አላኡዲን ኻልጂ ሲሪ የሚባል አዲስ ከተማ ቆረቆረ። ዴልሂ ዝናቧን በሦስት ወር ውስጥ አውርዳ ትጨርሳለች። ቀሪው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱን ራስሽ ታዪዋለሽ። ስለዚህ ሱልጣኑ የክረምቱን ውሃ ለበጋ የሚያቆይ ገንዳ አስቆፈረ። ገንዳ ስልሽ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። 600 በ700 ሜትር ገደማ ነበር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር። ከካፌው ሰገነት የምታዪው ሐይቅ የዚያ ቁራሽ ነው። ድሮ ውሃ ይተኛበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ሰው ጠዋት ጠዋት ዱብ ዱብ ይላል።

አሁን የምነግርሽን ነገር በጣም እወደዋለሁ። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1330ዎቹ ዴልሂ ደርሶ ይህን ገንዳ አይቶታል። በዳርና ዳሩ አርባ ያህል ባለ ጉልላት ቤቶች እንደነበሩ ጽፏል። በዙሪያው የሚኖሩት እነማን መሰሉሽ? አዝማሪዎች! ሰፈራቸው «ታራባባድ» ይባል ነበር፤ የዘፈንና የደስታ ከተማ እንደማለት። ትልቅ ገበያ ነበራቸው፣ መስጊድም ነበራቸው። በረመዳን ሴት አዝማሪዎቹ ተሰብስበው ተራዊሕ የሚባለውን የረመዳን የማታ ሶላት ይሰግዱ እንደነበርም ይተርካል። እንግዲህ ዛሬ «ይህ ታሪካዊ ቦታ በጭፈራ ረከሰ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ወደ ሰባት መቶ ዓመት ዘግይተሃል በዪው። ኋላ ከተሠሩት ከመቃብሩም ከመድረሳውም (ከእስልምና ትምህርት ቤቱ) በፊት እዚህ ቦታ ላይ የነበረው ጭፈራ ነው።

ሆኖም ገንዳ ካልጠረጉት ይሞላል። ይህም በደለል ተሞላ። በ1351 ፊሮዝ ሻህ ቱግላቅ ነገሠ። ይህ ሱልጣን ማስጠገን የሚወድ ሰው ነበር። ቁጥብ ሚናር የሚባለውን የዴልሂ ረጅም ግንብ መብረቅ መትቶት በ1368 ጫፉን ያሠራው እሱ ነው። ሐውዝ ኻስንም ደለሉን አስጠርጎ ውሃውን መለሰው። በ1352 ደግሞ በውሃው ዳር መድረሳ ሠራ። ሕንጻው ሁለት ክንፍ አለው፤ አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ በሰሜን ይዘረጋል። ሁለቱ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ፊሮዝ ሻህ የራሱን መቃብር አሠራ። በ1388 ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የመድረሳው ዋና መምህር ሰይድ ዩሱፍ ቢን ጀማልም በዚያው ዓመት ሞተው ግቢው ውስጥ ነው ያረፉት።

ስትሄጂ ከመቃብሩ በር ፊት ትንሽ ቆም በዪ። በደቡብ በኩል ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር አለ። ድንጋዩ እንደ እንጨት ተጠርቦ፣ አግዳሚው በቋሚው ውስጥ ገብቶ የተሠራ ነው። የቡድሃ ሃይማኖት ሰዎች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድመው መካከለኛው ሕንድ ውስጥ ሳንቺ በሚባል ቦታ የሠሩትን አጥር ይመስላል። የሙስሊም ሱልጣን መቃብር በር ላይ ማለት ነው! ድንጋይ ጠራቢዎቹ የአገሬው ልጆች ነበሩና እጃቸው የለመደውን ሠሩ። ከዚያ ወደ መድረሳው ክንፍ ዝለቂ። ላይኛው ፎቅ በአምድ የተያዘና ወደ ውሃው የተከፈተ ነው፤ ነፋስ እንደልቡ ይገባበታል። ታችኛው ግን ጨለም ያለ ጠባብ ክፍል በጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ውስጥ ለመጽሐፍ ማስቀመጫ የተተዉ ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። እጅሽን ብትከቺ እስከ ክርን ይገባል። ዛሬ ከመጽሐፍ ይልቅ የቺፕስ ላስቲክ ነው የሚገኝበት፤ ምን ይደረግ።

በታኅሣሥ 1398 ከመካከለኛው እስያ የመጣው ድል አድራጊ ቲሙር ዴልሂን ድል አድርጎ ሠራዊቱን በዚህ ውሃ ዳር አሰፈረ። የገንዳውን ትልቅነት አድንቋል፤ የሠራው ግን ፊሮዝ ሻህ መስሎታል። መቼም አስጠጋኙ ከቆፋሪው በላይ ስም ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ክፍለ ዘመናት ቶሎ እንለፋቸው፤ ቦታው ከሥልጣን የራቀበት ጊዜ ነውና። ነገሥታቱ አንዴ አግራ፣ አንዴ ሌላ ቦታ እያሉ ቆይተው ሻህ ጃሃን በ1639 አዲሱን ከተማ ወደ ሰሜን፣ ያሙና ወንዝ ዳር ጀመረ። አሁን «የድሮው ዴልሂ» የምንለው ያ ነው። ሐውዝ ኻስ ከከተማ ውጭ ገጠር ሆኖ ቀረ። መድረሳው ተማሪ አጣ፣ ገንዳው ውሃ አጣ። ገበሬ ግን አላጣም። ሰው ከፍርስራሹ ጎን ቤት ሠራ፤ ለእርሻ የሚሆን መሬት፣ ለግድግዳ የሚሆን የተጠረበ ድንጋይ እዚያው ነበረለት። በደቡብ ዴልሂ ይህ የተለመደ ነው። እዚያው አቅራቢያ ቤጉምፑር የሚባል መንደር አለ። ሰዎቹ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ መስጊድ ግቢ ውስጥ ቤት ሠርተው፣ እሳት አንድደው፣ ልጅ አሳድገው ኖረዋል። የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ያስወጣቸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቀዩ መስመር መጣሁልሽ።

በ1908 አካባቢ የእንግሊዝ አስተዳደር በዴልሂ ዙሪያ የመሬት ግብር ያስተካክል ነበር። ግብር የሚከፈለው ለእርሻ መሬት ነው። ሰው ቤቱን የሠራበት፣ ከብቱን የሚያስርበት፣ ጭዱን የሚከምርበት ቦታ አይገበርበትም። ስለዚህ ሹሞቹ በየመንደሩ ካርታ ላይ ቤቶቹን ከእርሻው የሚለይ ቀይ መስመር አሰመሩ። ሕዝቡ «ላል ዶራ» አለው፣ ቀይ ክር ማለት ነው። ከክሩ ውጭ ያለው እያንዳንዱ ማሳ ተለካ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ የባለቤቱ ስም ተጻፈ። ከክሩ ውስጥ ያለውን ግን ማን ይለካዋል? ግብር የለበት። ጠቅላላ መንደሩ በአንድ የመዝገብ ቁጥር ተጠቃለለ። የማን ቤት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ጎረቤት ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ እንናገረው ካልን፣ ቤቱ ካርታ የለውም።

ለሥራ ማቅለያ የተሰመረች መስመር ናት። ያሰመሯት ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሆነውን አያውቁም ነበር።

በታኅሣሥ 1911 ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዴልሂ መጥቶ ዋና ከተማው ከካልካታ ወደዚህ ይዛወራል ብሎ አወጀ። ራይሲናና ማልቻ የሚባሉ መንደሮች መሬት ለአዲሱ ከተማ ተወሰደ። ሐውዝ ኻስ ራቅ ስለሚል ያን ጊዜ ተረፈ። ቀጥሎ 1947 መጣ፤ ሕንድና ፓኪስታን ተከፈሉ። በ1941 የዴልሂ ሕዝብ 9 መቶ ሺህ ገደማ ነበር። በ1951 ከ1.7 ሚሊዮን አለፈ። ይህ ሁሉ ስደተኛ የት ይግባ? በ1957 የዴልሂ ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1959 ከ34 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ለመውሰድ ማስታወቂያ ወጣ። በ1962 ማስተር ፕላን ጸደቀ። የሐውዝ ኻስና የጎረቤቶቹ ማሳዎች እያከታተሉ ሄዱ። ግሪን ፓርክ፣ ሳፍዳርጃንግ ኤንክሌቭ፣ ሐውዝ ኻስ ኤንክሌቭ የምትያቸው ሰፈሮች ሁሉ የተቀመጡት ማሳ ላይ ነው።

ቀዩ ክር ሥራውን የሠራው ያኔ ነው። መንግሥት የወሰደው ከክሩ ውጭ ያለውን፣ የተለካውንና ቁጥር ያለውን እርሻ ነው። ከክሩ ውስጥ ያሉት ቤቶች ለባለቤቶቻቸው ቀሩ። በ1963 ደግሞ ከክሩ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው የግንባታ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም ተባለ። ሐሳቡ ገርነት ያለው ነበር፤ ለላሙ በረት ለሚቀጥል ገበሬ ፕላን አምጣ ማለት ምን ይጠቅማል? ግን ገበሬው በዚያ ጊዜ ላም የሚያበላበት መሬት አልነበረውም። የነበረው ትንሽ ካሳ፣ አንድ ጠባብ ግቢና ወደ ላይ ለመሥራት የሚከለክለው የሌለ ሰማይ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ሠራ። ሁለት ፎቅ፣ ሦስት ፎቅ፣ አምስት ፎቅ። አከራየ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ከሐውዝ ኻስ ብዙም በማይርቅ ሌላ መንደር ተከራይቼ ኖሬያለሁ። የክፍሌ መስኮት ሲከፈት የጎረቤትን ግድግዳ ይነካ ነበር። አከራዬ አሮጊት ነበሩ፤ ማታጂ እላቸዋለሁ፣ እማማ እንደማለት ነው። አንድ ቀን ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ መጡና ከባሻገር ያለ ባለ ዛፍ ግቢ አሳዩኝ። «ስንዴያችን እዚያ ነበር» አሉኝ። ቁጭት የለበትም አነጋገራቸው፤ አንድ ሰው የድሮ ትምህርት ቤቱን ሲያሳይ እንደሚለው ነው። የሚያናድዳቸው ሌላ ነገር ነበር። ባለ አራት ፎቅ ቤት ይዘው ለልጃቸው ሱቅ መክፈቻ ብድር ሲጠይቁ ባንክ «የባለቤትነት ወረቀት አምጡ» ብሎ መለሳቸው። ወረቀት የሚባል ነገር የለም፤ ክሩ ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሀብታም ድሃ ዴልሂ ውስጥ ሞልቷል። ከድሮም ማሳ ያልነበረው የመንደሩ ሰው ደግሞ አለ። እሱ መሬት ሲወሰድ ካሳ አልደረሰውም፤ የሚሠራበት እርሻ ግን አብሮ ሄደበት። ስለ ዴልሂ መንደሮች ሲወራ «ገበሬዎቹ በኪራይ ከበሩ» የሚል ወሬ ትሰሚያለሽ። ስለ አንዳንዶቹ ልክ ነው። ሁሉንም ግን አይገልጽም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የፋሽን ሰዎች ሐውዝ ኻስን አገኙት። ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ ፍርስራሹና ዛፉ ደግሞ ለዓይን ያምራል። የገበሬ ቤት ነጭ ቀለም ተቀብቶ ቡቲክ ሆነ። ከ2000ዎቹ መጨረሻ በኋላ ካፌውና የምሽት ክበቡ ጎረፈ፣ ኪራዩም ጣራ ነካ። ለመንደር ኑሮ የተሠራው መንገድ ግን አልሰፋም። የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ቅያስ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ቤት፣ አናቱ ላይ ወጥ ቤት። በ2013 የፍሳሹና የከርሰ ምድር ውሃው ነገር ፍርድ ላይ ደርሶ ከ30 በላይ ምግብ ቤቶች ለጊዜው ተዘግተው ነበር። ቆይተው ተከፈቱ።

ሐይቁስ? እሱም ሞቶ ነበር። ዙሪያው ቤት በቤት ሲሆን ወደሱ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ተቋረጠ፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ደርቆ ኖረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባለሙያዎች አንድ ነገር አሰቡ። ወደ ደቡብ ባለው ሳንጃይ ቫን በሚባለው ጫካ በኩል የሚያልፍ የታከመ የቤት ፍሳሽ አለ፤ እሱን ወደ ሐይቁ መለሱት። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ጓደኞችሽ ተደግፈውት ፎቶ የተነሡት ውሃ ከመታጠቢያ ቤት የመጣ ነው። በሙቀት ወር ለምን እንደሚያረነጉድና ለምን እንደሚሸት አሁን ገባሽ። እኔ ግን አልቀየምበትም። የመጀመሪያው ገንዳ የሰማይ ውሃ አጠራቀመ፤ ይህኛው ከተማው የደፋውን ያጠራቅማል።

የሐበሻው ንጉሥ ነገር ቀረኝ። ልጁ የሰማውን ነገር ሳይቀላቅል አልቀረም። ዴልሂ ውስጥ ስሙ የገነነ ሐበሻ አለ፣ ጀማሉዲን ያቁት ይባላል። ከ1236 እስከ 1240 የነገሠችው ሱልጣና ራዚያ የፈረስ ባልደራስ አድርጋ ሾመችው። የቱርክ መኳንንት ይህን ሹመት አልወደዱትም፤ ያቁት በ1240 በዓመፁ ተገደለ። ንጉሥ አልነበረም። በዚያ ላይ ያቁት ሲሞት ሐውዝ ኻስ ገና አልተቆፈረም፤ ስልሳ ዓመት ይቀረዋል። በዙፋን የተቀመጡ ሐበሾች ቤንጋል ውስጥ ነበሩ፤ ከ1487 ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል ተፈራርቀው ነግሠዋል። ወደ ደቡብ ሕንድ ደግሞ ማሊክ አምባር አለ። በኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት ተሽጦ መጣና አህመድናጋር የሚባለው የሱልጣን ግዛት አንጋሽ ሆነ። በ1610 ኺርኪ የሚባል ከተማ ቆረቆረ፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለው ነው። እዚህ ዴልሂም ከሐውዝ ኻስ በቅርብ ርቀት ኺርኪ የሚባል መንደር አለ፤ እዚያ ብዙ አፍሪካውያን ተከራይተው ይኖራሉ። ልጁ ሁለቱን ኺርኪ አንድ አድርጎብሽ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። የዴልሂው ኺርኪ ስሙን ያገኘው ከፊሮዝ ሻህ ዘመን መስጊድ ነው፤ ቃሉ መስኮት ማለት ነው፣ መስጊዱም የድንጋይ ፍርግርግ መስኮት የበዛበት ነው። በ2018 እዚያ ሲጠገን 254 የመዳብ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ሐውዝ ኻስን ከወደድሽው እሱንም እዪው፤ ሰው ስለማይበዛበት እንዲያውም ይሻላል።

ደግመሽ ስትሄጂ ቅዳሜ ማታ አትሂጂ። በሥራ ቀን ጠዋት፣ ሱቆቹ ሳይከፈቱ ሂጂ። ከአውሮቢንዶ ማርግ ገብተሽ በአጋዘን ፓርኩ በኩል እለፊ። መንገዱ ሰፊ ሆኖ ይመጣና ቤቶቹ ጋ ሲደርስ ድንገት ይጠባል፤ ጎን ለጎን ሁለት መኪና አያሳልፍም። እዚያ ጋ ቁሚ፣ ክሩን የረገጥሽው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ መቃብሩ ከመቸኮልሽ በፊት ወደ ጎን ቅያሶቹ ገባ በዪ። አንዱ በር ላይ እንደኛ የጠፍር አልጋ ያለ፣ ግን በገመድ የተጠለፈ አልጋ ታገኚ ይሆናል፤ ላዩ ላይ ሁካ የሚስቡ አዛውንት። «ራም ራም፣ ታውጂ» በያቸው። ታው የአባት ታላቅ ወንድም ነው፤ የዚህ አገር ገበሬ አዛውንትን የሚጠራው እንዲህ ነው። ወንበር ካመጡልሽ ተቀመጪና እርሻቸው የት ጋ እንደነበር ጠይቂያቸው።